የሱባ ጥድ

በአንድ የዕረፍት ቀን ቤተ ሰባችንን አስከትለን በሰበታ በኩል ወደ መናገሻ ሱባ ደን ወጣን። ልጆቻችን ቡራዩ ተወልደው ያደጉ ናቸውና ዛፍ ማለት ለእነርሱ ባሕር ዛፍ ነው፤ እርሱም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ መሆኑን ማን ነግሯቸው!

በወጨጫ ተራራ ላይ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈውን ጥድ፥ ዝግባውንና ኮሶውን ባዩ ጊዜ ዝም አሉ። ጉሬዛው ነጭ ካባውን አንጠልጥሎ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲወረወር ግን ትንሹ «ቄስ ነውን?» ብሎ አሳቀን። ድኩላም ብቅ ብሎ ተሰወረ። ደኑን ያስተከሉት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ እንደ ሆኑ፥ ዘሩም ከወፍ ዋሻ እንደ መጣ ይነገራል።

አብረውን የነበሩት እናታችን ግን ከወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠው ቅርፊቱን ይዳስሱ ነበር። ሱሉልታ የነበረው የአባታቸው ቤት ምሰሶ ጥድ እንደ ነበረ፥ ቤቱ ሲፈርስም ምሰሶው ሳይነቅዝ ተሸጦ እንደ ሄደ አጫወቱን።

ትልቋ ልጃችን «እማማ፥ ይህን የሚያህል ጥድ ከወዴት ተቈረጠ?» ብትላቸው፥

«ከጓሯችን» አሉ።

የደኑ ጠባቂ መምሸቱን እስኪነግረን ድረስ ከዚያ ግንድ አልተነሡም።