ጋዜጠኛው የማን ነው?

መጋቢት 2010 ላይ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ በሙያችን ውስጥ ያልፈነጠዘ ጥቂት ነው። የታሰሩ ባልደረቦቻችን ተፈቱ፣ የታገዱ ድረ ገጾች ተከፈቱ፤ በ2011 የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን እዚሁ አዲስ አበባ ተከበረ። የኢሕአዴግ «ልማታዊ ጋዜጠኝነት» ቀርቶ «ለውጡን ማገዝ» ተተካ። ጌታ እንጂ ሥራ የቀየርን አልመሰለኝም። ግማሻችን ታጋይ፣ ግማሻችን አስታራቂ ለመሆን ተሰለፍን።

እኔን የጋዜጠኛን ሥራ ያስተማረኝ ግን አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ሠፈር፣ ከግቢያችን ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ማታ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ ወዲያው ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለሳምንታት ወሬ በእግሩ ይሄድ ነበር። ዘይት ሊገዛ የወጣ ጎረቤት ሁሉ ይከበኛል። አንድ ጡረተኛ ጋሼ «ልጄ፣ የሚያባብስ ነገር እንዳትጽፍ» ይሉኛል። ወጣቶቹ «ከማን ጋር ነህ?» ይላሉ። ባለሱቁ ብቻ፣ ሒሳቡን ሳያቋርጥ፣ «አንተ አይተሃል?» ይለኛል።

አንድ ጠዋት ከጀርባችን ባለው መንገድ ቤት ተቃጠለ ተባለ፤ የሟች ስም ሁሉ ተጠርቷል። ሄድኩ። አስፋልቱ ላይ የጎማ አመድና የተንጨፈረረ ሽቦ አለ፤ ቤቶቹ እንዳሉ ናቸው። ተመልሼ ስናገር ጋሼ እፎይ አሉ፤ አንዱ ወጣት ግን «ሸፋፈንከው» ብሎ ፊቱን አዞረ። የወጣቱ መንገድ የት እንደሚያደርስ ግን ታይቷል፤ በሩዋንዳው የዘር ጭፍጨፋ ጊዜ፣ ኪጋሊ ላይ በ1986 ስም እየጠራ ያስገድል የነበረው ሬዲዮ ሚል ኮሊንም ለወገኔ ነው የምታገለው ባይ ነበር። ጋሼንም ብሰማ ኖሮ በዚያው ሰሞን ሻሸመኔ ላይ በእርግጥ የነደደውን ቤትና ሆቴል ዝም ልል ነበር።

ጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲነሳ የባለሱቁ ጥያቄ ከበደኝ። እዚያ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ፣ ሄዶ ማየት የማይታሰብ ነበር፤ መግለጫው ግን ከሁለቱም ወገን ይጎርፍ ነበር። «በቦታው ተገኝተን ማረጋገጥ አልቻልንም» የምትል መስመር እየጨመርኩ ዘገባዬን እልክ ነበር። ገጹ ላይ ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የምትቆረጠው እሷ ናት። እንዳትቆረጥ ከአርታኢ ጋር መጨቃጨቅ ልማዴ ሆነ።