የጋራ ላይብረሪን በሥራ ላይ እያለ ማደስ

የጋራ ላይብረሪ ብዙ ፕሮግራሞች አንድ ቅጂ እየተጋሩ የሚገለገሉበት የኮድ ፋይል ሲሆን፣ ከምንጭ ኮድ ኮምፓይል ተደርጎ ሲታደስ ዋናው አደጋ ያለው አዲሱ ፋይል የአሮጌውን ቦታ በሚይዝበት ቅጽበት ነው።

በሊኑክስ ላይ አዲሱ ይዘት በነባሩ ፋይል ላይ በቀጥታ ከተጻፈ፣ ፋይሉን ወደ ሚሞሪ አስገብተው በመሥራት ላይ ያሉ ፕሮግራሞች ኮዳቸው ስለሚለወጥባቸው በድንገት ሊቋረጡ ይችላሉ፤ አዲሱ ፋይል በዚያው የፋይል ሥርዓት በሌላ ስም ተቀምጦ በስም ለውጥ ብቻ ሲተካ ግን፣ የያዙት ፕሮግራሞች እስኪዘጉ ድረስ አሮጌው ይዘት አይጠፋም።

ይህ ጥቅም ግን ግዴታ አለው፦ ከተተካ በኋላ ፕሮግራሞቹን ዳግም ማስነሣት ያስፈልጋል።

በ2014 እ.ኤ.አ. ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ላይብረሪ የደኅንነት ክፍተት ሲደፈን፣ ላይብረሪው ታድሶ አገልግሎቶቹ ዳግም ያልተነሡባቸው ሰርቨሮች፣ አሮጌው ቅጂ በሚሞሪያቸው ስለቀረ፣ እንደተጋለጡ ይቆዩ ነበር፤ ዳግም የማስነሣቱ እርምጃ ዛሬም በቀላሉ መዘንጋቱ እጅግ ያሳስባል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ ሶኔም ነው፤ ይኸውም ፕሮግራሞች ላይብረሪውን የሚፈልጉበት፣ የተኳኋኝነት ቁጥር ያዘለ ስም ነው። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል 3.0 በ2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ይህ ቁጥር ስለተለወጠ፣ በ1.1 ላይ የተመሠረቱት ፕሮግራሞች ዳግም ኮምፓይል እስኪደረጉ ድረስ ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ማቆየት የግድ ነበር።

የዚህ ገጽ ተከታታዮች አሮጌውን ፋይል የሚያነሱት መቼ ነው? የሚጠቀምበት ፕሮግራም አለመቅረቱንስ በምን ያረጋግጣሉ?