«ስንት ግራም ናት?»

ዛሬ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ቡናዬን እንኳ ሳልጨርስ አንዲት ደንበኛዬ በሩ ላይ ቆማ «ፎርጂድ ነው የሸጥሽልኝ!» አለችኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ያቺን የበዓል ሰሞን ቀለበት ታስታውሷታላችሁ አይደል? ፎቶዋን ስለጥፍ ግማሻችሁ «ለኔ ያዢልኝ» ብላችሁ አንዳችሁም ያልመጣችሁላት? እሷው ናት። አረንጓዴና ብርቱካናማ ትረጭ የነበረችው የደላንታ ኦፓል ጠርሙስ መስላ መጣች። ከሥሯ ያለው ብር ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል።

«ምን አድርገሽባት ነው?»

«ምንም! ትናንት ማታ ልብስ አጥቤ ነው እንጂ።»

«ሳታወልቂያት?»

«ለምን አወልቃለሁ? እውነተኛ ድንጋይ ውሃ ይፈራል እንዴ?»

አይፈራም፣ ይጠጣል። የደላንታ ኦፓል ጠጪ ነው። ውስጡ ዓይን የማያያቸው ክፍተቶች ስላሉት ውሃ ሲያገኝ እነሱን ሞልቶ እንደ መስታወት ይጠራል፤ ቀለሙም ይደበቃል። በራሱ ጊዜ ሲደርቅ ይመለሳል። አንዱ በአንድ ቀን ይደርቃል፣ ሌላው ብዙ ቀን ያስጠብቃል። ብርጭቆ ብትሆን ኖሮማ ዓመት ሙሉ ብትዘፈዝፊያትም ያው ብርጭቆ ናት! ፎርጂድ ያስባላት እኮ እውነተኛነቷ ነው። (ዘይትና በረኪና ላይ ግን ቀልድ የለም፤ የጠጣችው ላይወጣ ይችላል። ላድርቃት ብላችሁ ደግሞ የቡና ፍም አጠገብ እንዳታስቀምጧት፤ ትሰነጠቃለች። ይህን ያደረገ ሰው እዚህ አለ። ስም አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል።)

ይህን ሁሉ አስረድቼ ስጨርስ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እሺ፣ ለመሆኑ ስንት ግራም ናት?»

ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት። ስሸጥላት 6.2 ነበረች፣ ዛሬ 6.3። ውሃ ጠጥታ ከብዳለች። «በግራም ከሆነ እንግዲህ ትጨምሪልኛለሽ» አልኳት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ቀለበቷን ትታልኝ ሄደች። ነገሩ ግን ከምሳ በኋላም አልለቀቀኝም።

እኔና ግራም የቆየ ቂም አለን።

አያቴ ድሪ ነበራት። ከጠገራ ብር የተሠራ፤ ያው ማርያ ትሬዛ፣ በየትኛውም ዘመን ቢመታ ላዩ ላይ 1780 የሚለው። አንዱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ አንጥረኛው አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ክር አውጥቶ ያስጌጠዋል። ከድሪዋ ጫፍ ኩክ ማውጫ ተንጠልጥሎበት ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጭኗ ላይ አጋድማኝ ጆሮዬን ስትጠርግልኝ የብሩ ቅዝቃዜ አሁንም ይሰማኛል። ጌጥም ሐኪምም ነበር። (የጆሮ ስፔሻሊስቶች፣ አትቆጡኝ። አያቴን አናግሯት፣ ከደፈራችሁ።)

አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ጠፍቶ እማዬ ድሪውን ልትሸጥ ወሰደችው። እጇን ይዤ አብሬ ነበርኩ። ሰውየው እንኳን ማን እንደሠራው ሊጠይቅ፣ አገላብጦም አላየው። ማሰሪያውን በመቀስ ቆረጠ፤ ዶቃዎቹን «እነዚህ ሚዛን ያሳስታሉ» ብሎ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ብሩን መዘነ። ያ አንጥረኛ ስንት ሌሊት በኩራዝ ጎንበስ ብሎበት ይሆን? ዜሮ ግራም።

ሰውየውን ብቻ እንዳልወቅስ ደግሞ፣ ያንን አንጥረኛ ቀድሞውንስ ምን ነበር የምንለው? ጠይብ። ቡዳ። ማታ ጅብ የሚሆን። የእጁን መስቀል አንገታችን ላይ አስረን እጁን እንሸሻለን! አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነገሩ። ጎረቤቴ ጋ ግን አዋጁ ገና አልደረሰም። እኔም አንጥረኛ ነኝና፣ ሱቄ በር ላይ ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች። እኔ እኮ ልጅሽን ሳይሆን ኪራይ ነው የምፈልገው፣ እናቴ!

ወደ ኦፓሉ ስመለስ፣ ደላንታ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ2008 ነው ይህ ድንጋይ የተገኘው፣ ገደል ወገብ ላይ፣ በቀጭን ንብርብር ውስጥ። ወጣቶቹ በእጅ መሣሪያ ዋሻ እየማሱ ያወጡታል። ዋሻው የተናደባቸው አሉ። ያም ግራም ውስጥ የለም። እኔ ጋ ደርሶ ስሞርደው እጄ ላይ የሚሰነጠቀውም፣ ፈርጧን የብሩ አፍ ውስጥ ሳስቀምጥ ትንፋሼን የምይዘውም የለም።

አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ቀለበቷ መስኮቱ ላይ ናት። ከዳር በኩል ወተት መስላ ነጣ ማለት ጀምራለች፤ አንዲት አረንጓዴ ነጥብም ብልጭ ብላለች።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ ሐሙስ ነይና ውሰጃት። ልብስ ስታጥቢ አውልቂያት። ሚዛኑን ግን መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ።