የምርጫው ማግስት

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. እኛ ድሬዳዋዎች ድምፅ ሰጠን፤ ቀኑ በሰላም ስላለፈም እግዚአብሔርን አመሰገንን። በማግስቱ ማክሰኞ፣ በትግራይ የቶጎጋ ገበያ ከአየር ተደበደበ። የሕክምና ባለሙያዎች ከ50 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ተናገሩ፤ መንግሥት ዒላማው ታጣቂዎች ነበሩ አለ። እኛ ዝም አልን።

በዘዳግም 21 ገዳዩ ያልታወቀ ሰው በሜዳ ወድቆ ሲገኝ፣ የቅርቡ ከተማ ሽማግሌዎች በእግዚአብሔር ፊት ስለ ደሙ ምሕረት ይለምናሉ። እነርሱ አልገደሉም፤ ነገር ግን «አይመለከተንም» አይሉም።

ቶጎጋ ከእኛ ሩቅ ነው። ሆኖም መሪ የምንመርጠው፣ በጦርነቱም «ድል ስጠን» ብለን የጸለይነው እኛ ነን። ለሟቾቹ ግን አላለቀስንም።

ወገኖች፣ ለመሪዎች እንድንጸልይ ታዘናል፤ ስለ ፈሰሰው ደም እነርሱን መጠየቅም የእኛው ድርሻ ነው። ጌታ ሆይ፣ ዝምታችንን ይቅር በለን።