ባዶው ወንበር የማን ነበር?

ዋሽንግተን ዲሲ በምኖርበት ጠባብ አፓርታማ ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በጥቂት ዶላር የገዛሁት፣ በከተማይቱ መሀል የነበረ የአንድ ጥንታዊ ሲኒማ ቤት የውስጥ ገጽታ ነው፤ በጌጥ ያሸበረቀ ጣሪያ፣ ከባድ መጋረጃ፣ ረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ባዶ ወንበሮች። እንግዳ በመጣ ቁጥር በኩራት አሳይ ነበር።

ከዓመታት በፊት ቡና እንዲጠጡ የጋበዝኳቸው አዛውንት ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤቴ ከፎቶግራፉ ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም በልጅነታቸው በዚያ ቤት ደጃፍ ብዙ ጊዜ እንዳለፉ፣ ውስጡን ግን ያዩት ገና አሁን፣ በእኔ ሳሎን መሆኑን ነገሩኝ። ስኒውን እንደያዝኩ የምለው ጠፋኝ።

ውድ አንባብያን፣ እነዚህ ቤቶች ምን እንደነበሩ ጥቂት ልበል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ አሜሪካውያን «ቮድቪል» የሚሉት ትርኢት፣ ማለትም ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ቀልድና የምትሃት ጨዋታ በአንድ ምሽት የሚፈራረቁበት መድረክ፣ ከተሞቻቸውን አጥለቅልቆ ነበር። ኋላ ሲኒማ መጥቶ መድረኩን ተጋራው፤ በመጨረሻም ወረሰው። ቴሌቪዥን ሲስፋፋና ነዋሪው ከመሀል ከተማ ሲርቅ ደግሞ አዳራሾቹ ተራቆቱ፤ ብዙዎቹም ፈረሱ።

ካሜራው ከፍርስራሹ ቀድሞ ለመድረስ ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመው የአሜሪካ ታሪካዊ ሕንፃዎች ምዝገባ፣ በኢኮኖሚው ቀውስ ሥራ ያጡ አርክቴክቶችን ቀጥሮ ሕንፃዎችን በንድፍና በፎቶግራፍ መዝግቦ ማኖር ጀመረ። ጥቁርና ነጭ ፊልም የተመረጠው ለውበቱ ብቻ አልነበረም፤ በወጉ የታጠበ የብር ምስል እንደ ቀለም ፎቶግራፍ ቶሎ አይደበዝዝምና ነው። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሱጊሞቶ ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአሮጌ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ ካሜራውን ተክሎ፣ ፊልሙ ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ ሌንሱን ከፍቶ ይተወው ነበር። በሺህ የሚቆጠሩት ትዕይንቶች እርስ በርስ ተዋውጠው፣ ሸራው ላይ የሚቀረው ነጭ ብርሃን ብቻ ነው።

ውብ ነው። ነገር ግን ከጎረቤቴ ዝምታ በኋላ ይህ ውበት ያጠራጥረኝ ጀመር። ባዶ ወንበር ማን እንዲቀመጥበት እንደተፈቀደለት አይናገርምና። የዚህችው ከተማ ናሽናል ቴአትር ጥቁር ተመልካቾችን አላስገባም በማለቱ ተዋንያን አንሠራበትም ሲሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ደጁን ለሁሉም ከመክፈት ይልቅ መድረኩን ትቶ ሲኒማ ቤት መሆንን መረጠ። ለሁሉም ተመልካች ክፍት ቴአትር ሆኖ የተመለሰው በ1952 ነው። ይህን የትኛው የጣሪያ ጌጥ ይነግረናል?

የተከለከሉት ግን የራሳቸው አዳራሽ ነበራቸው። ዛሬ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ካሉበት ከዩ ጎዳና አቅራቢያ የሚገኘው ሃዋርድ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1910 ለጥቁር ተመልካቾች የተከፈተ ነው። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን የተቀበለው ዱክ ኤሊንግተንም የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው። በዚያው ጎዳና ላይ በ1911 ስቱዲዮውን የከፈተው ጥቁሩ ፎቶግራፍ አንሺ አዲሰን ስከርሎክ፣ በኋላም ልጆቹ፣ የሰፈሩን ሰዎች ሕይወት በጥቁርና ነጭ ለትውልድ አቆዩ። በእነርሱ ሥራ ውስጥ ወንበሩ ባለቤት አለው፤ ሰዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው በቀጥታ ያዩናል።

ይህን የምጽፈው አገሬን እያሰብኩ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙዎቻችን የአሮጌ ሕንፃዎችን ፎቶግራፍ እየተቀባበልን አለቀስን። የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው ግን የአዲስ አበባ ሕዝብ እንጂ ግንቡ አልነበረም። ከግንቡ ጋር የተበተነውን ሰው፣ ቲኬት ቆራጩን፣ ደጃፍ ላይ ቆሎ ሻጯን፣ መግቢያ አጥቶ ከውጭ ድምፅ ያዳምጥ የነበረውን ልጅ ማን አነሣው?

ግንብ መዝግቦ ሰውን የረሳ ታሪክ፣ ለአፍራሹም ለገንቢውም ይመቻል።

ቸር እንሰንብት።