የአክስቴ ሳንባና የኔ ደብተር

አክስቴ ጂንካ ውስጥ አረቄ አውጥታ በመሸጥ ነው ያስተማረችኝ። ይኸን አስቀድሜ መናገሬ፥ አንባብያን ሆይ፥ ስለ ሳንባና ስለ ደም ሥር የምጽፈው ከመጽሐፍ ቀድቼ ብቻ አለመሆኑን እንድትረዱልኝ ነው።

አረቄ ሲወጣ ያላየ ካለ ባጭሩ ልንገረው። ጥንስሱ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ ይደፈንና እንፋሎቱ በመቃ ወደ ማቀዝቀዣው ይተላለፋል፤ ከዚያ በኋላ ጠብ፥ ጠብ ይላል። እሳቱ ቢበረታ አረቄው ይበላሻል፤ ቢደክም አይወጣም። ስለዚህ ሴትዮዋ ከምድጃው መራቅ አትችልም፤ እንጨቱን እየገፋች፥ እየሳበች፥ እፍ እያለች እዚያው ትውላለች። የኛ ጓዳ መስኮት አልነበረውም። እኔ ደብተሬን ይዤ ከበሩ አጠገብ እቀመጥ ነበር፤ እሷ ግን ከውስጥ ነበረች። ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ኖረች። ሲጋራ የሚባል ነገር ባፏ አልዞረም።

መጀመሪያ ሳል መጣ፤ «ብርድ ነው» ተባለ። ቀጥሎ ከገበያ ስትመለስ ሦስት ጊዜ ማረፍ ጀመረች፤ «እርጅና ነው» ተባለ፤ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። አክታዋ ለሳንባ ነቀርሳ ተመርምሮ «የለባትም» ሲሉን ሁላችንም ደስ አለን። ደስታችን ግን ያለ ቦታው ነበር። በሦስተኛው ዓመት እግሯ ያብጥ ጀመር። እኔ ሞኙ ሳንባ ሌላ፥ እግር ሌላ ይመስለኝ ነበር።

የተሻለ ሐኪም ፍለጋ ብዬ ወደ አዲስ አበባ አመጣኋት። በኮንሶና በአርባ ምንጭ አድርገን ሁለት ቀን ተጉዘን ስንደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሙ ኦክሲጅን አደረጉላት፤ መረመሯትና «የቀኝ ልቧ ደክሟል፤ ያደከመው ግን ሳንባዋ ነው። ይኸ ከፍታ አይስማማትምና ወደ አገሯ መልሳት» አሉኝ። ጂንካ 1500 ሜትር ግድም ናት፤ አዲስ አበባ ግን ወደ 2400 ሜትር ትጠጋለች። ከፍ ባለ ቦታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ያንሳል። ይኸን የተማርኩት በአሥረኛ ክፍል ነበር፤ ፈተናውንም አልፌዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው መጻሕፍት ማገላበጥ የጀመርኩት። በሳንባችን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የአየር ከረጢቶች አሉ፤ እነዚህን እንደ መረብ የከበቧቸው ከጠጉር እጅግ የቀጠኑ የደም ሥሮች ናቸው። በአየሩና በደሙ መካከል ያለው ግድግዳ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ እንኳ አይሞላም። ጢስ ዘወትር ሲገባ የሚጎዳው የአየር ቧንቧውን ብቻ ሳይሆን የደም ሥሩንም የውስጥ ገበር ነው። ገበሩ ጤነኛ ሲሆን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እያመነጨ ሥሩን ያላላል፤ ሲቆስል ግን ይኸ ሥራው ይጓደላል፤ የሥሩ ግድግዳ ይወፍራል፥ መተላለፊያውም ይጠባል።

ሌላም አለ። ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ የተባሉ የስዊድን ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1946 በድመት ላይ እንዳሳዩት፥ ኦክሲጅን ሲያንስ የሳንባ ደም ሥር ይኮማተራል። ለጤነኛ ሰው መልካም ብልሃት ነው፤ ደሙ አየር ከጎደለበት ወገን ዞሮ አየር ወዳለበት ይሄዳልና። ሳንባው በጠቅላላው ሲታፈን ግን በሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠባሉ፤ ቀኙ ልብ ደሙን በጠባብ በር ሲገፋ ዓመታት ይታገልና ይለጠጣል። ውሃው እግር ላይ የሚጠራቀመው በዚህ የተነሣ ነው።

ታዲያ ይጠገናል ወይ? ገበሩስ ራሱን ይጠግናል፤ ከቁስሉ አጠገብ ያሉት ሕዋሳት ተባዝተው ይሸፍኑታል። ነገር ግን ለመጠገን ፋታ ያሻል፤ በየቀኑ የሚጤስበት ሳንባ ፋታ ከየት ያመጣል? የፈረሰውን የአየር ከረጢት ከነደም ሥሩ መልሶ የሚሠራ መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ኦክሲጅናቸው በጣም ለወረደ በሽተኞች በቀን 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ኦክሲጅን መስጠት ዕድሜ እንደሚያረዝም በ1980 እና በ1981 በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ መሣሪያው ግን የማይጠፋ መብራት ይፈልጋል።

«እትዬ፥ ጢሱን ተይው» አልኳት።

«ጢሱን ብተወው አንተ በምን ትማራለህ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኛ እዚህ ወጡ ቀጠነ ብለን በምግብ ቤት ስንጮህ፥ የደብተሬና የመሳፈሪያዬ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ክረምት ከጎረቤት ልጆች ጋር ጓሮ ውስጥ አራት ቋሚ ተክለን፥ ቆርቆሮ አለበስነውና ምድጃውን ወደ ውጭ አወጣነው። ግድግዳ አላደረግንለትም። ሥራውን አሁን ልጇ ይዛዋለች፤ አክስቴ በርጩማዋ ላይ ራቅ ብላ ተቀምጣ ታዛለች። ሽንት በሚያበዛው ክኒን እብጠቱ ጎድሎላታል፤ ገበያ ግን መሄድ አልቻለችም። ልጅቱ ደግሞ ንፋሱ እሳቱን በተነብኝ እያለች በአንዱ ጎን ጆንያ ትሰቅላለች። በሄድኩ ቁጥር አወርደዋለሁ፤ ስመለስ ተሰቅሎ አገኘዋለሁ።