ሊማሊሞ አሮጌ መኪናን ሲፈትን

ሊማሊሞን ያልወጣ ሰው «አቀበት» የሚለውን ቃል በወሬ ነው የሚያውቀው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «እንጦጦን በላዳ ወጥቻለሁ» ብሎ ደረቱን የሚነፋ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ፣ እስቲ አረፍ ብሎ ይስማኝ!

ከጎንደር ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ስትጓዙ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፋችሁ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደባርቅ ትገባላችሁ። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የጠዋት ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ከተማዋን አልፋችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ ግን ምድሩ ድንገት ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል። ሊማሊሞ ማለት ያ ነው! ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገደሉን እየፈለጠ ያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ድብ ባሕርና ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ከደባርቅ እስከ ዛሪማ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ከላይ ጋቢ ደርባችሁ ትነሣላችሁ፤ ከታች ሸሚዙም ይከብዳችኋል። ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ሣር እየነጩ ሲያዩአችሁ «እነዚህ ደግሞ እንዴት ሊመለሱ ነው?» የሚሉ ይመስላሉ።

ጥያቄው ትክክል ነው። መውረዱን ሁሉም ይወርዳል፤ አሮጌ መኪና የምትፈተነው ስትመለስ ነው።

እኔ ያንን ፈተና ያየሁት በ2012 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። አንድ ጓደኛችን አክስቱን ከድብ ባሕር አምጥቶ ጎንደር ለዓይን ሕክምና ሊያደርሳቸው ስለነበር አብሬው ወረድኩ። ቀጠሮው በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። መኪናዋ ካርቡራተር ያላት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ለእሱ ግን ዝም ብላ መኪና አይደለችም። በኮንትራት እየሠራ የቤት ኪራይ የሚከፍልባት፣ ታናናሾቹን የሚያስተምርባት እንጀራው ናት። ከሳምንት በፊት አንድ ጋራዥ «ሙቀት የምትጨምረው ጓርኒሲዮኗ ተቃጥሎ ነው፤ ቴስታታው ይከፈት» ብሎታል። የተጠየቀው ገንዘብ እንቅልፍ ነሥቶታል።

ታዲያላችሁ፣ አክስትየውን ከኋላ አስቀምጠን አቀበቱን ተያያዝነው። ጥቂት ኩርባዎች እንደዞርን የሙቀት መለኪያው ጠቋሚ ሽቅብ ወደ ቀዩ ገሠገሠ። ሞተሯም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ታስነጥስ ጀመር። ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ነዳጅ ሲረገጥ ትታፈናለች፣ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። በመጨረሻም ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። ቆምን።

መቼም በእኛ አገር መኪና ስትቆም ሁሉም መካኒክ ነው! አንዱ «ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ጣሉት» ይላል። ሌላው «ቀዝቃዛ ውሃ ድፉባት» ይላል። አንዱ ወጣት ጭራሽ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ተጠጋ። ከኋላችን የቆሙ ጠጉራቸው የሸበተ የጭነት መኪና ሾፌር እጁን ለቀም አደረጉና «ተው ልጄ! ይህ ፊት ነገም ያስፈልግሃል!» አሉት።

እውነታቸውን ነው። የጋለ ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ታፍኖ ነው የተቀመጠው። ክዳኑ የተነሣ ዕለት ያ ሁሉ የታፈነ ውሃ በአንድ ጊዜ ይፈላና ወደ ፊት ይረጫል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ? በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ያኔ ጋራዡ የጠየቀው ገንዘብ በእጥፍ ይመጣል።

ጓደኛዬ ሰዓቱን ያያል፣ ሰማዩን ያያል። አክስቱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው «የኔ ልጅ፣ ዓይኔ ስንት ዓመት ታግሦ የለ? አንድ ቀን ቢጨምር አይጠፋም። ለእኔ ብላችሁ እናንተ እንዳትቃጠሉ» አሉት። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን።

ሞተሯ ስትበርድ ሾፌሩ «እስቲ ጋራዡ ያለህን ተወውና ከርካሹ እንጀምር» አሉ። መጀመሪያ ቺንጊያውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። በደንብ የተወጠረ ቺንጊያ ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚገባው። የእኛው ግን ሁለት ጣት ያህል ሰመጠ፤ ጎኑም እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። በዚያች መኪና ላይ ቬንትሌተሩንም፣ የውሃ ፓምፑንም፣ ዲናሞውንም የሚያዞረው ያ አንድ ቺንጊያ ነው። እሱ ሲንሸራተት ውሃው አይዞርም፣ ነፋሱ ይደክማል፣ ባትሪውም በቅጡ አይሞላም። ቀጥለው የራዲያተሩን ክዳን አዩት፤ ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል። የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ጎማ ላይ ሲያራግፉት የሊማሊሞ አቧራ እንደ ጤፍ ዱቄት ቦነነ።

የዲናሞውን ቡሎን አላልተው፣ ቺንጊያውን በእንጨት ወጥረው አጠበቁት። ሞተሯ ተነሥታ ውሃው ቀስ እየተባለ ተጨመረ። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ፣ መስኮት ከፍተን፣ የቤቱን ማሞቂያ ለቀን (ማሞቂያው ሙቀቱን ከሞተሩ ይስባል) እያዘገምን ወጣን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል! ማምሻውን ደባርቅ ገባን፤ ከመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ክዳን ተገዛ። አድረን በጠዋት ተነሣንና አክስትየው ለቀጠሯቸው ደረሱ። እዚያው ጎንደር ሌላ መካኒክ ፈትሾ ጓርኒሲዮኗ ደኅና መሆኑን ነገረን።

እኔ ግን ነገሩ ከንክኖኝ መካኒክ ባገኘሁ ቁጥር ስጠይቅ ከረምኩ። የሰማሁትን ላካፍላችሁ።

ከፍታ ውሃን ያሞኘዋል። ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ደባርቅ ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ደኅና የራዲያተር ክዳን ውሃውን አፍኖ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የተበላ ክዳን ግን አያፍንም። ስለዚህ አዳማ ላይ ያላስቸገረች መኪና ደባርቅ ላይ ብታፈላ አትገረሙ፤ መጀመሪያ ክዳኑን ተጠራጠሩ።

መንተባተቧስ? በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ልማዱ ያፈሳል። ቤንዚን ሲበዛ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ይታፈናል። የአቧራ ማጣሪያ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። «እንግዲያው ቤንዚኑን እናሳንሰው» ብላችሁ ደባርቅ ላይ ካርቡራተር ካስተካከላችሁ ግን ልብ በሉ! ዛሪማ ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይበልጥ ይግላል። አንዱን በሽታ አድናችሁ ሌላውን ገዛችሁ ማለት ነው። ከማስተካከል በፊት ማጣሪያውን ማራገፍ፣ ካንዴላውን መጥረግ ይቅደም።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ የመጣሉ ምክርስ? ብዙ ሰው ያደርገዋል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚይዝ፣ በአብዛኛው 82 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚከፈት በር ነው። ተጣብቆ ከቀረ ይለወጥ እንጂ አይጣል። ያለ እሱ በደባርቅ ብርድ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ቤንዚን ይፈጃል፣ ይንተባተባል፣ ቶሎም ያረጃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም።

ጓርኒሲዮን በእርግጥ ሲቃጠልም ምልክት አለው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ያለማቋረጥ ይወጣል፤ ዘይቱ ቡና በወተት ይመስላል፤ ሞተሩ በርዶ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ ውሃው ውስጥ አረፋ ይንተከተካል፤ የሚንጠባጠብ ነገር ሳይኖር ውሃው ይጎድላል። ከእነዚህ አንዱንም ሳያሳያችሁ «ይከፈት» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሁለተኛ ሰው ጠይቁ።

የወንዝ ውሃ ለችግር ቀን ነው። ስትመለሱ አውጡትና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረውን ፈሳሽ ሙሉ፤ የወንዝ ውሃ ዝገትና ደለል ያመጣል። ወደ ሳንቃ በር ለሚወጣ ደግሞ ፈሳሹ ሌላም ጥቅም አለው። እዚያ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ባዶ ውሃ በረዶ ከሠራ ሞተር ይሰነጥቃል።

«ምን አስለፋኝ፣ ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» የምትሉ አላችሁ። በስንት ነው ወገኖቼ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ በእጅ ያለችውን አሮጊት ማስታመም ግድ ነው።

ያ የሊማሊሞ መንገድ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ለመንገደኛ ተዘግቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ዛሬም ወደዚያ የምታስቡ ከሁሉ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ከዚያ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ትርፍ ቺንጊያ፣ ትርፍ የራዲያተር ክዳን፣ አንድ ሙሉ ካንዴላና ወፍራም ጨርቅ ጫኑ። ከድብ ባሕር የምትነሡት ደግሞ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በማለዳ ይሁን።